ቴፑ ደህና ነበር

ስሜ ተጠራ!

ትናንት ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ የአማርኛ መምህራችን አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ፊት ወጡና «ዘንድሮ ለሥነ ጽሑፍ ክበባችን ከቀረቡት ገጠመኞች አንደኛ የወጣው...» ብለው መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ። የደረት ኪሳቸው ውስጥ የለም፣ የሱሪያቸው ኪስ ውስጥ የለም። ግንባራቸው ላይ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ። «መስከረም ታደሰ፣ አሥራ አንደኛ ቢ!» ሲሉ ጎኔ የቆመችው ሰናይት ባትቆነጥጠኝ ኖሮ እስካሁን እዚያው ደርቄ ነበር።

«ሂጂ እንጂ! አንቺ ነሽ እኮ!»

ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ተጨበጨበልኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ተሸለምኩ። መምህሩ እጄን ሲጨብጡኝ ግን ጎንበስ ብለው «ሁለት ገጽ አንሶታል፤ ታሪኩን አፍነሽዋል። መጽሔታችን ላይ የሚወጣው ረዘም ብሎ ይጻፍ፤ ምንም ሳትደብቂ» አሉኝ። «ምንም ሳትደብቂ» ማለታቸው ለምን እንደከበደኝ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ደስታዬ የትናንት ነው። ታሪኩ ግን ደስ አይልም፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ካቻምና ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ያኔ በዚህ ዓለም የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ሰናይት ቤት ያለ ዴክ። የሰናይት አባት ቡና ነጋዴ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ከበርጩማ የሚበልጡ ሁለት ስፒከሮች ነበሯቸው፤ ቤዙ ሲመታ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እኛ ቤት ያለው እኔ በተወለድኩበት ዓመት የተገዛ ባለ አንድ ስፒከር ቴፕ ነበር። አንቴናው ተሰብሮ ሽቦ ታስሮለታል። የካሴት ማስገቢያው ክዳን የሚዘጋው በላስቲክ ነው። ሰናይት እኛ ቤት ስትመጣ ጨርቅ አለብሰው ነበር።

አባቴ እዚህ ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ከቢሮ ሲመለስ ዜና ይሰማል፤ ከዜና በኋላ በካፊኛ የሠርግ ዘፈን የተቀዳበት አንዲት ካሴት አለችው፣ እሷን ይሰማል። የዚያን ዓመት ክረምት ሲወጣ ግን ቴፑን ማማረር ጀመረ።

«ድምፁ ታፈነ። ይሄ ነገር አረጀ።»

ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በጥጥና በአረቄ ጠረገው። ባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። ፈቶ እፍ አለበት። እናቴ ትስቅበት ነበር።

«አረቄውን ሁሉ ለቴፑ አጠጣኸው፤ ሰክሮ እንዳይሆን የታፈነው?»

እሱ ድምፁን ይጨምራል፣ እሷ ትቀንሳለች። ይጨምራል፣ ትቀንሳለች። እኔ ደግሞ መሐል ገብቼ እሳቱን አነድ ነበር፤ «አባዬ፣ አሁን እኮ ጊዜው የዴክ ነው። ቴፕ የሚሰማ ሰው አለ?»

በዚያው ሰሞን የማንኪራው ቡናና ማር ተሸጦ እጃችን ላይ ገንዘብ ነበር። ማንኪራ የአባቴ የትውልድ መንደር ነው። መሬቱንና ቀፎዎቹን የሚጠብቀው ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ አድማሱ ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ያግዘዋል፤ የሚገኘውን ለሁለት ይካፈላሉ። እናቴ በዚያ ብር የመኝታ ቤታችንን ቆርቆሮ ማስቀየር ፈልጋለች። ዝናብ ሲመጣ አልጋው እግርጌ ሳፋ እናስቀምጥ ነበር።

«ለድምፅ ይሄን ሁሉ ብር?» አለችው። «እኔስ ሌሊቱን ሙሉ የሳፋውን ድምፅ እየሰማሁ ልደር?»

«ሰው እንዴት ዜና ሳይሰማ ይኖራል?»

«ዜናው ይሰማል እኮ! ጎረቤት ድረስ ይሰማል!»

ክርክሩ ሦስት ማታ ፈጀ። በመጨረሻ እናቴ ፈረደች፦ «ሸምሱ ጋ ውሰደውና ይይልህ። እውነት ካረጀ ግዛ። ካላረጀ ግን ቆርቆሮ ነው። መስኪ ትሂድ፤ ያለውን እሷ ትነግረኛለች።»

አያችሁ? ፍርዱ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

ጋሽ ሸምሱ ከወልቂጤ በኩል መጥተው ቦንጋ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ቆይተዋል። ቴፕ፣ ሬዲዮ፣ ዴክ ይሸጣሉ፤ ይጠግናሉም። አንድ ልማድ አላቸው፤ ዴክ ሊገዛ የመጣን ሰው ጀርባውን ካላስዞሩ አይሸጡም። «ዓይን ይሸወዳል» ይላሉ። «መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ድምፁ ያማረ ይመስለዋል። ጀርባህን ስጥና በጆሮህ ግዛ።»

ሐሙስ ከቢሮ መልስ ቴፑን በፌስታል ይዘን ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ፈተሹት፤ የአባቴን ካሴት ከተቱና አጫወቱት። ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ራቅ አሉ፣ እንደገና አስጠጉ። ከዚያ ሰናይት ቤት ካለው የማያንስ ዴክ ከመደርደሪያ አወረዱና ሶኬት ላይ ሰኩት። ልቤ ዘለለች።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይዙሩ እንግዲህ።»

አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አደረገ። ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ የኛን ቴፕ ከፈቱ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ጨርቅ ሳላለብሰው ሰምቼው አላውቅም መሰለኝ፤ የከበሮው ምት፣ የሴቶቹ ጭብጨባ፣ ሁሉም ለየብቻው ይሰማል።

«ይሄስ?» አሉ።

አባቴ ዝም።

ዴኩን ከፈቱ። ሱቁ በድምፅ ተሞላ። አባቴ በከበሮው ልክ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ ድምፁን ቀነሱት፤ አባቴ ይነቀንቃል። በጣም ቀነሱት፤ ይነቀንቃል። ከዚያ አጠፉት። ሱቁ ጭር አለ። ከውጭ የአንድ አይሱዙ ሞተር ብቻ ይሰማል።

አባቴ ይነቀንቅ ነበር።

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ሸምሱና እኔ ተያየን። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ የሚሰማ ይመስል፣ «ልጄ፣ ቴፑ ደህና ነው» አሉኝ። ቀስ ማለት ግን አላስፈለጋቸውም ነበር።

አባቴ ዞረ። መጀመሪያ ያየው የጋሽ ሸምሱን ጣት ነው፤ ማጥፊያው ላይ ነበር። ቀጥሎ የኔን ፊት አየ።

«አዲሱ ይሻላል» አለ፣ ቶሎ ብሎ። «አይሻልም መስኪ?»

ዴኩን አየሁት። ሁለቱን ስፒከሮች አየኋቸው። አባቴንም አየሁት።

«ይሻላል» አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ካርቶን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እኔ ስፒከሮቹን በሁለት እጄ፣ አሮጌውን ቴፕ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። መንገድ ዳር ካርቶኑን አስቀመጠና አፌን በሚያይበት በኩል ቆመ። አፍ አፌን ማየት ከጀመረ መቆየቱን ያን ጊዜ ገና ልብ አልኩ።

«አየሽ አይደል?»

«ምኑን?» አልኩ እንዳልገባው ሰው።

«በክረምቱ ትኩሳት ካመመኝ በኋላ ነው የጀመረኝ። ይመለሳል ብዬ ነበር።» ዙሪያውን አየ። «ባለፈው ግምገማ ላይ ‹ስንናገረው ንቆን ዝም ይላል› ብለው ጻፉብኝ። ንቄያቸው አይደለም። ካወቁ ግን በሐኪም ቦርድ ነው የሚያሰናብቱኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ለአድማሱም።»

«ቅዳሜ ማንኪራ አዲስ ቀፎ ልትሰቅሉ አይደል እንዴ?»

«አሞኛል ብዬ እልክበታለሁ። ገመድ የሚጎትት ሌላ ሰው ይፈልግ።»

«እሺ» አልኩ። ዝም ካልሽ ዴኩ ያንቺ ነው አላለኝም። አባቴ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም። እኔ ግን በሁለት እጄ ምን እንደያዝኩ አውቅ ነበር።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። እሱን አልጠየቀችውም፤ እኔን ነው የጠየቀችኝ።

«ሸምሱ ምን አለ?»

«አርጅቷል አለ።»

እናቴ አመነችኝ። ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አየችና ገባች። በቃ፣ ይሄ ነው የሆነው።

ዓርብ ማታ ዴኩን ተከልነው። ሰናይትን ጠርቻለሁ፤ ጎረቤትም መጥቷል። አባቴ ወንበሩን በሁለቱ ስፒከሮች መሐል አደረገና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ቤዙ ደረቴን ይመታኝ ነበር። የሱንም ደረት መታው መሰለኝ፣ ድንገት ብድግ አለ። ፊቱ ሲበራ አሁንም ይታየኛል። ትከሻውን እያወዛወዘ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረና እኔ ጋ መጥቶ ጆሮዬ ሥር ተናገረ። ሊያንሾካሹክ ነበር ያሰበው። እየጮኸ መሆኑን አላወቀም።

«ሰማሁ መስኪ! ጆሮዬ አይደለም! ቴፑ ነው የነበረው!»

እናቴ ካለችበት ቀና አለች። «ምን አለ? ጆሮው ምን ሆነ?»

እጄ ዴኩ ላይ ነበር። ድምፁን ጨመርኩት።

«ምንም» ስል እናቴ ከንፈሬን አይታ ይሆናል፤ ቃል ግን አልሰማችም። ሳቅ ብላ ወደ እንግዶቹ ተመለሰች። አባቴም «ነገ ማንኪራ እሄዳለሁ!» አለ፤ ለሁሉም፣ በታላቅ ድምፅ። እኔስ? እኔም አመንኩት። ገንዘብ ከፍለን የዳነ መሰለኝ። ማመን ደስ ይል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እስከ መገንጠያው በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። እኔም አባቴን ተከተልኩት፤ ልቤ አንድ ነገር ሳይለኝ አልቀረም። አጎቴ አድማሱ መገንጠያው ላይ ጠብቆን ነበር። ሳቂታ ሰው ነው። ዛፍ ላይ ሲወጣ እግሩ ዓይን ያለው ነው የሚመስላችሁ። ጫካው ውስጥ ስንገባ አባቴ ቀደመ፤ አጎቴና እኔ ከኋላ ቀረን።

«ወንድምጋሼ!» አለ አጎቴ።

አባቴ ይሄዳል።

«ወንድምጋሼ! ምሳ ይዛችኋል?»

አባቴ ይሄዳል። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

«አየሽ? ካለፈው ጀምሮ እንዲህ ነው። ስጠራው ዝም ይለኛል። ተቀይሞኛል እንዴ? የማሩ ክፍፍል ነው?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ጋ ነው። ሌላውን ሁሉ እርሱት፤ ይቺን ያዙልኝ። ጠየቀኝ። ጫካው ጸጥ ያለ ነበር፣ የሚያቋርጠን ሰው አልነበረም፣ አባቴ ቢሆን አይሰማንም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«የቢሮ ሐሳብ ነው ጋሼ» አልኩት።

«እሱ ከሆነስ ደህና» አለና ትንፋሹን ለቀቀ። «እኔ እኮ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር።» ከዚያ እያፏጨ ቀደመኝ።

ቀፎ እንዴት እንደሚሰቀል ላላያችሁ ልንገራችሁ። ቀፎው ረጅም ነው፤ ከተፈለጠ እንጨት ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል፤ ይከብዳል። አንዱ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ገመዱን በቅርንጫፍ ያሳልፋል። ሌላው ከታች ቀፎውን አስሮ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ እየራቀ ይጎትታል። ደንቡ ነው። ፊቱን ወደ ዛፉ ካደረገ ጉልበት አይኖረውም፤ ቀና ካለም ልጣጭ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከታች ያለው ሰው ከላይ ያለውን አያየውም። በሁለቱ መካከል ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ከላይ «ሳብ!» ይላል፣ «በቃ!» ይላል፣ «ያዝ!» ይላል። በካፊኛ ነው የሚሉት፤ እኔ በአማርኛ እጽፍላችኋለሁ።

የመጀመሪያው ቀፎ በሰላም ወጣ። አባቴ ጀርባውን አልሰጠም ነበር፤ ወደ ኋላ እየሄደ፣ አንገቱን ቀልብሶ የአጎቴን እጅ እያየ ነው የሳበው። ዓይኑ ልጣጭ በልጣጭ ሆኖ እንባው ይወርዳል።

አጎቴ ከላይ ሳቀበት። «ምን ሆነሃል ወንድምጋሼ? ትላንት የጀመርክ ትመስላለህ! ዙር እንጂ፣ ትታወራለህ!» እያለ በእጁም «ዙር፣ ዙር» አለው።

አባቴ የእጁን ምልክት አየ። እኔንም አየኝ። እኔ ቡና ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ቆጮዬን እየበላሁ ነበር። «እኔ አለሁ» ለማለት አውራ ጣቴን አሳየሁት። አዎ፣ እንደዚያ አደረግኩ። አጎቴ «በቃ» ሲል ሮጬ ትከሻውን ልነካው በልቤ አስቤያለሁ። አባቴ ዞረና ገመዱን ትከሻው ላይ አደረገ።

ሁለተኛው ቀፎ መውጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ የዓርብ ማታውን ዘፈን በአፌ ይዤ ነበር። ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ፣ በጣቴ ጉልበቴ ላይ ቤዙን እየመታሁ፣ አንጎራጉር ነበር።

«በቃ!» አለ አጎቴ።

ቀና አልኩ። ቀፎው አጎቴ የቆመበት ቅርንጫፍ ሥር ተሰንቅሯል። አጎቴ በአንድ እጁ ዛፉን ይዞ፣ በሌላው ቀፎውን ሊያላቅቅ ጎንበስ ብሏል።

«በቃ! ያዝ!»

አባቴ ይስባል። ገመዱ ሲጠነክርበት ቀፎው የከበደ መስሎት እግሩን ተክሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ቆጮውን ጥዬ ተነሣሁ። «አባዬ!» አልኩ። እንዴት ያለ ሞኝነት ነው፣ ጮህኩ! ሮጥኩ፤ እየሮጥኩ ጮህኩ።

«ወንድምጋሼ በቃ!»

እጄ የአባቴን ጀርባ ሳይነካ ቀፎው ተላቀቀ። ተፈናጥሮ ወጣና አጎቴን ደረቱ ላይ መታው።

ስለ አወዳደቁ አልጽፍም። መምህር፣ ምንም አትደብቂ ብለውኛል፤ ይሄን ግን ይተዉልኝ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ነበር፤ ድምፁን ሁሉ ሰምቻለሁ።

አባቴ አልሰማም። ገመዱ ሲቀለው ብቻ ቀፎው ቦታውን የያዘ መሰለው። ላቡን እየጠረገ፣ ፈገግ ብሎ ዞረ።

«ገባ?» አለ።

የመንደሩ ሰዎች ተሯሩጠው ቃሬዛ ሠሩ፤ እየተፈራረቁ እስከ መንገዱ ተሸከሙት። አጎቴ ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ እግሬን አምጡልኝ ይል ነበር፤ እግሩ ግን እዚያው ነው። ቦንጋ ሲደርስ ወዲያው ወደ ጅማ ላኩት። አባቴና እኔ አብረን ሄድን።

እሑድ ጠዋት ኮሪደር ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ወጣና ለአባቴ ፈጠን ፈጠን እያለ ተናገረ። አባቴ ነቀነቀ። ሐኪሙ ተናገረ፤ አባቴ ነቀነቀ። ልክ ሱቁ ውስጥ ዴኩ ከጠፋ በኋላ እንደነቀነቀው። ሐኪሙ ሄደ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሬን ጠበቀ፤ ከንፈሬ ግን ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምንም ማንበብ አልቻለም። እንዳልጮህ ኮሪደሩ ሰው ሞልቶበታል። ስለዚህ ከኪሱ እስክሪብቶውን አወጣሁና በአንድ የመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት።

«ነፍሱ ተርፋለች። ወገቡ ተሰብሯል። ይሄድ አይሄድ እንደሆነ አሁን መናገር አልችልም ብሏል።»

ሰው የሚፈልገውን ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። አነበበው። እንደገና አነበበው። ወረቀቱን ተቀበልኩትና ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «አባዬ፣ ቴፑ ደህና እንደነበር አውቅ ነበር።»

እስክሪብቶውን ወሰደ። በዚያ በሚያምረው የመዝገብ ቤት ጽሕፈቱ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ «እኔም።»

ለእናቴ ሁሉንም የነገርኳት እኔ ነኝ። አልመታችኝም። ዴኩን በካርቶኑ አድርጋ ጋሽ ሸምሱ ጋ ወሰደችው። አንደኛው ስፒከር ዓርብ ማታ በጭፈራ ተገጭቶ ተጭሮ ነበር። እሳቸው አላዩትም፤ ወይም አይተው ዝም አሉ። ገንዘቧን ሳያጎድሉ መለሱላት።

«ጥፋቱ የኔም ነው እትዬ» አሏት። «ጀርባውን አስዙሬ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ሸጥኩለት።»

ያ ብር ጅማ አለቀ። ቆርቆሯችን አሁንም ያፈሳል።

አጎቴ አድማሱ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ተቀምጦ። አልቆመም። ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ይቆማል አላሉም። አባቴን ለብዙ ጊዜ ሊያየው አልፈለገም። እኔ ብቻዬን ሄጄ መንገድ ላይ የዋሸሁትን ነገርኩት። ቢላውን ይዞ ለአዲስ ቀፎ እንጨት እየላገ ነበር፤ ሥራውን አላቆመም።

«ዛፍ ይጥላል» አለኝ። «ዛፍን አልቀየመውም። ስወጣ አውቄ ነው የወጣሁት። ወንድሜ ግን ተቀይሞኛል ብዬ ስንት ሌሊት አሰብኩ! መቀየሙ ይሻል ነበር? መደንቆሩ ይሻል ነበር? አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ ከላይ ሆኜ ገመዱን እነቀንቅለት ነበር። ሌላ ነገር አያስፈልገንም ነበር።»

 

አባቴ በሚቀጥለው ግምገማ ላይ እጁን አውጥቶ ተነሣና «ንቄያችሁ አይደለም፤ ጆሮዬ ነው የማይሰማው» አለ። የፈራው ደረሰ፤ በሐኪም ማስረጃ ከሥራ ወጣ። ወደ አጎቴ ቤትም ሳይጠራ ሄደ። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ተጽፎ የቀረ ወረቀት ግን ነበር፤ አጎቴ ትራሱ ሥር አኑሮታል፤ አሳየኝ ብዬ አላውቅም። አሁን አጎቴ ቀፎ ይሠራል፣ አባቴ ቅጠሉን ያለብሳል። የሚሰቅለው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ማታ ማታ የአባቴ ጸሐፊ ሆንኩ። ላስቲክ የታሰረለትን ቴፕ ከፍቼ ዜናውን እየሰማሁ በደብተር ለአባቴ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ አሳጥር ነበር፤ እሱ ግን ፊቴን አይቶ «ሌላ ነገር ብሏል» እያለ ያስጨምረኛል። አንድ ቀን «ዘፈኑንም ጻፊልኝ» አለኝ። ግጥሙን ጻፍኩ። «እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ጻፊልኝ» አለ። ድምፅ እንዴት ይጻፋል? ሳምንት ፈጀብኝ። እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ፣ እየጻፍኩ... በመጨረሻ ደብተሩን ዘግቶ ዓይኑን ጨፈነና በጣቱ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ምቱ ትክክል ነበር! ያን ዕለት ነው ጸሐፊ መሆን እንደምችል ያወቅኩት።

ዴክ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ አልከለክላችሁም፤ ደስ ይላል። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ካለ ሰው ጋር አንድ ዘፈን አብራችሁ ስሙ፤ ጀርባ ሰጥታችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ዘፈኑ ካለቀ በኋላም የሚነቀንቅ ከሆነ ብሩን ለሌላ ነገር ያዙት። ዝም እንድትሉ የሚለምናችሁ ሰው ካለም፣ ዝም አትበሉለት።

ትናንት ሽልማቴን ይዤ ስገባ ደብተሩን ከፈትኩና «አንደኛ ወጣሁ!!!» ብዬ በሦስት ቃለ አጋኖ ጻፍኩለት። ሳቀ። ቀጥሎ «የቱ ታሪክ?» አለኝ።

«የኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቁ ቆመ። «አድማሱ ያውቃል?»

«ያውቃል። ስሜንም ጻፊ ብሎኛል።»

እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። መናገር እየቻለ መጻፍ የሚወደው ነገሩ ትልቅ ሲሆንበት ነው። «እንግዲያው ያነበበ ሰው ይምጣ በያቸው። እሑድ ከሰዓት ሁለታችንም እንኖራለን። ማር አለ።»

ስለዚህ ጥሪውን አድርሻለሁ፤ ኑ። ቤታችን ከመነኸሪያው ቁልቁል ነው፤ የታደሰ ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ስትመጡ ግን ደጁን አታንኳኩ። ገፋ አድርጋችሁ ግቡ፣ አባቴ ፊት ለፊት ቁሙ፣ እስኪያያችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ ተናገሩ።